ዲቦር ሽርክና ስትገባ

ዲቦር ንጎም ቤት አላት። ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ቤቱ ዚጊንሾር በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ባሏ ንጎር በዓሣ ገንዘብ አንድ ዓመት ብሎኬት፣ አንድ ዓመት ቆርቆሮ እየገዛ፣ አንዳንዱን ዓመት ደግሞ ምንም ሳይገዛ ያቆመው ባለ ሁለት ክፍል ቤት። በሩ አይገጥምም። ዝናብ ሲመጣ በጓዳው በኩል ያንጠባጥባል። ቢሆንም ቤት ነው። ንጎር ከሞተ በኋላ ማንም መጥቶ «ውጪ» ያላላት በቤቱ ምክንያት መሆኑን ታውቃለች።

ዲቦር ከሴሬር ጎሳ ናት፣ በሰሜን በኩል ያለው የሳሉም አገር ልጅ። ባሏ ዓሣውን፣ እሷ ባሏን ተከትለው ወደ ደቡብ የወረዱት ገና በወጣትነቷ ነው። አገሩ የጆላዎች ነው፣ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ግን ሴሬር ጆላ አገር ገብቶ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ አይተዉትም። በመጣች ሰሞን ወንዝ ዳር ባልዲ ይዛ ቆማ ሳለ አንዲት ትከሻ ሰፊ ሴት ከታንኳ ላይ ጮኸችባት።

«አንቺ ሴት! ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሳሉም።»

«ሴሬር ነሽ?»

«አዎ፣ ሴሬር ነኝ።»

«ተመስገን! ሎሌዬ መጣችልኝ። በይ ነይና ይቺን ቅርጫት ተሸከሚ።»

ዲቦር ባልዲዋን አስቀመጠች። «ሎሌሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ። እኔን ከሳሉም የላኩኝ፣ ጆላዎች ሩዝ በልተው በልተው መንቀሳቀስ አቅቷቸዋል፣ ሂጂና ግዢያቸው ብለው ነው።»

ሴትየዋ ከታንኳው ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ቅርጫቱን ግን ዲቦር ተሸከመችላት። ያቺ ሴት ኦኖሪን ባሴን ነበረች።

ሴሬርና ጆላ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነገር ነው። አንዱ ሌላውን ሆዳም፣ ሌባ፣ ሎሌ ቢለው ነውር የለበትም። ነውሩ መቀየም ነው። የተቀየመ ሰው የሰፈሩ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ዲቦርና ኦኖሪን ለዓመታት ጠዋት በስድብ ሲገናኙ፣ ማታ በስድብ ሲለያዩ ኖሩ። ኦኖሪን አንድ ቀን ሳትሰድባት ካለፈች ዲቦር ምሳዋ አይጣፍጣትም ነበር።

ሥራቸው ዛጎል ነው፣ በቅርፊቱ ውስጥ የሚበላ ሥጋ ያለው የውሃ እንስሳ። ውሃው ወደ ባሕር ሲሸሽ በታንኳ እየገቡ፣ ከጨዋማው ውሃ ውስጥ ከቆሙት ዛፎች ሥር ዛጎሉን በገጀራ እየቆረጡ ይለቅማሉ። ቀቅለው፣ ሥጋውን ፈልቅቀው፣ በጭስ አድርቀው ይሸጣሉ። እጅን የሚበላ ሥራ ነው። ጓንት ሲቀደድ ካልሲ ያጠልቃሉ፣ ካልሲው ሲቀደድ ዝም ብለው ይቆረጣሉ። ታንኳ የምትቀዝፈው ኦኖሪን ናት፣ ክንዷ የወንድ ነው። ጭሱ የዲቦር ነው። ዲቦር ያደረቀችው ሥጋ ወርቃማ ሆኖ ይወጣል፣ ከርሞም አይሻግትም። ኦኖሪን የነካችው ግን ከሰል ነው። ገበያ የምትወጣውም ኦኖሪን ነበረች፤ ሰው ይወዳታል። የሚወዳትም ስለማትከለክል ነው። ለአንዱ ትጨምርለታለች፣ ለሌላው በዱቤ ትሰጠዋለች፣ ሦስተኛው ደግሞ አሳዝኗት እንዲሁ ይወስዳል።

በዚህ ዓይነት ሲኖሩ፣ በአንድ የበጋ ወር ከዳካር ነጋዴ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ የዲቦርን የጭስ ምድጃ ዙሪያውን ዞሮ አየ። አንዷን ዛጎል ቀመሰ። ከዚያ ደግሞ አንድ እፍኝ ቀመሰ።

«በጠርሙስ ታሽጎ ቢመጣልኝ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ» አለ። «በየዓመቱ። ግን ወንዝ ዳር ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች ጋር ውል አልፈርምም። የተመዘገበ ማኅበር ሁኑና ኑ። ከዝናብ በፊት።»

ኦኖሪን በዚያ ሌሊት አልተኛችም። ትልልቅ የብረት ምድጃ፣ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ሁሉንም በሐሳቧ በብድር ገዝታ፣ ሸጣ ጨርሳ ነበር ያደረችው። በማግስቱ ዲቦርን እየጎተተች ንግድ መዝገብ ቢሮ ወሰደቻት።

መዝጋቢው ኦማር ባልዴ የሚባል ፉላ ነው፣ ከከብት አርቢዎቹ ጎሳ። ፉላ ደግሞ የሴሬር የቀልድ ዘመድ ነው፣ ከጆላ ባልተናነሰ። ባልዴ የዲቦርን መታወቂያ ገልብጦ አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ንጎም! ሴሬር! ማን ነው በር ላይ ያለው፣ ሴሬር እንዴት ታስገባለህ? ዛሬ ላሞቼን ያላሰርኩበት ቀን ነው!»

«ላሞችህን ማን ይፈልጋቸዋል፣ አጥንታቸው ተቆጥሮ» አለች ዲቦር። «አንተን እዚህ ወንበር ላይ ማን አስቀመጠህ? ጥጃዎቹን ለማን ትተህ ነው?»

ከተሳሳቁ በኋላ ባልዴ ወደ ሥራው ገባ። ሁለት ሴቶች ሆነው በእኩል የሚሠሩ ከሆነ የሚሆናቸው የኅብረት ሽርክና መሆኑን ነገራቸው። ሁለቱም ያዝዛሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ማኅበሩ መክፈል ያቃተው ዕዳ ካለም ሁለቱም ይጠየቃሉ።

«በምን ይጠየቃሉ?» አለች ዲቦር።

«ባላቸው ነገር ሁሉ ነዋ፣ እማማ።»

«ሁሉ ስትል?»

«ሁሉ። ታንኳ፣ ዕቃ፣ ቤት።»

«እኔ አልጋዬ ብቻ ነው ያለኝ» አለች ኦኖሪን። «ይውሰዱት፣ እግሩ የተሰበረ ነው፣ እነሱ ያስጠግኑት!»

ባልዴ ሳቀ። ዲቦር ግን አልሳቀችም። ንጎር አሸዋ ሲያቦካ፣ ላቡን በክንዱ ሲጠርግ ታያት። «የመኖሪያ ማስረጃዬን ረስቻለሁ፣ ሌላ ቀን እንመለስ» አለችና ተነሣች። ማስረጃው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ለጓደኛው «ቤቴ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ» ይላል፣ ያበቃል። ዲቦር ግን ለኦኖሪን ቁም ነገር ተናግራ አታውቅም። ሁለቱ የሚያወሩበት ቋንቋ ስድብ ነው፤ በእሱ ሐዘን ተጽናንተውበታል፣ ልጅ ድረውበታል፣ ንጎርን ቀብረውበታል። በእሱ ፍርሃትን መናገር ግን አልቻለችም። ሞከረች። በማግስቱ ታንኳው ላይ፣ ገጀራዋን ይዛ።

«ኦኖሪን፣ እፈራሻለሁ።»

«ብትፈሪ ነው የሚያምርብሽ። ንግሥትሽ ነኝ።»

«የምሬን ነው። ቤቴን ትበዪብኛለሽ።»

«እበላለሁ እንጂ! ቆርቆሮውን በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ብሎኬቱን ደግሞ ለቁርስ። በሩን እተውልሻለሁ፣ እሱ ድሮም በር አይደለም።»

ዲቦር እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ ግን አመለጣት። ሳቀች። አንዴ ከሳቁ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። ቤቷ ስትደርስ በራሷ ተናደደች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ቤቷን ልታጣ እየሄደች ትስቃለች!

አሰበችና ብቻዋን ወደ ባልዴ ተመለሰች።

«ሴሬሯ ብቻዋን መጣች!» አለ ባልዴ። «ምን ልትሰርቂ ነው?»

«ልጄ፣ ቤቴን እንዳላጣ ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ስጪኝ፣ እጠብቅልሻለሁ። ላሞቼን አስርበታለሁ።»

ዲቦር አልሳቀችም። ቆማ ዓይን ዓይኑን አየችው። ባልዴ አንድ ሁለቴ ለመሳቅ ሞከረ፣ ሳቁ ብቻውን ቀረ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወንበር ሳበላት፤ አነጋገሩም ተለወጠ።

«ይቀመጡ፣ እማማ። እውነትዎን ነው ማለት ነው።»

ሌላ ዓይነት ማኅበር እንዳለ ነገራት። በዚያኛው አንዱ ሸሪክ በሙሉ ይጠየቃል፣ ሌላው ግን ባዋጣው ልክ ብቻ ነው። ማኅበሩ ቢከስር ያዋጣው ነገር ይሄዳል፣ ቤቱ አይነካም።

«ይኸውልህ! ይሄን ነበር የምፈልገው።»

«ቆይ፣ እማማ፣ ዋጋ አለው። ባዋጣው ልክ የሚጠየቀው ሸሪክ ማኅበሩን አያስተዳድርም። ጓዳ ውስጥ ሊመክር ይችላል፣ ሒሳቡን አሳዩኝ ማለትም መብቱ ነው። ነጋዴ ፊት ግን በማኅበሩ ስም አይደራደርም፣ አይዋዋልም። ይህን ካደረገ ከለላው ይቀርና እንደ ሌላኛው ይጠየቃል።»

«ዝም ማለት ነው በአጭሩ።»

«ዝም ማለት ነው።»

«ዝም ማለት አያቅተኝም» አለች ዲቦር። ከንጎር ጋር ስትኖር ዝም ብላ ያሳለፈችው ስንት ነገር አለ።

አሁን የቀረው ለኦኖሪን መንገር ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ እሷ ግቢ ስትሄድ መንገድ ላይ አሰበችበት። በር ላይ ቆመች፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ትንፋሿን ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«እንደምን ዋሉ፣ እመት ኦኖሪን ባሴን?»

ኦኖሪን ሩዝ እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ደኅና ነዎት?»

«ዲቦር! እንዲህ አትበዪኝ፣ ልቤን ታቆሚዋለሽ። ታመሽ ነው? ሐኪም ምን አለሽ? ተቀመጪ። ውሃ! ውሃ ጠጪ!»

«አልታመምኩም። ቁም ነገር ልነግርሽ ነው። ስድብ ከጀመርሽ እሄዳለሁ።»

ኦኖሪን የተበተነውን ሩዝ እንኳ ሳትሰበስብ ተቀመጠች። ዲቦር ሁሉንም ነገረቻት፤ ቤቱን፣ ንጎርን፣ ፍርሃቷን፣ ረሳሁት ያለችውን ማስረጃ፣ ባልዴ የነገራትን። ስትጨርስ ኦኖሪን ባዶውን ሰፌድ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ቤቱ ያንቺ ብቻ ነው» አለች። «ፍርሃቱ ግን ያንቺ ብቻ አይደለም። ዕዳ ቢመጣ አንቺ ሳሉም አለሽ፣ ወንድሞችሽ ይቀበሉሻል። እኔ የት እገባለሁ? ጭሱስ የማነው? አንቺ ጥለሽኝ ብትሄጂ ለዚያ ሰውዬ ከሰል በጠርሙስ ልልክለት ነው?»

ዲቦር ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ኦኖሪን የሚያስፈራት ነገር ያለ አይመስላትም ነበር።

«በይ እንዳልሽው ይሁን» አለች ኦኖሪን ሩዙን እየሰበሰበች። «ዝምተኛዋ አንቺ ሁኚ። ዕዳውን እኔ እሸከማለሁ። ድሮም ተሸካሚ ነኝ።»

ተስማሙ። ዲቦር ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀለል ብሏት ነበር፣ ትንሽም አፍራ ነበር።

ሊመዘገቡ የሄዱ ዕለት ነጋዴውም ቢሮው ድረስ መጣ። ወደ ዳካር ከመመለሱ በፊት ነገሩ እውነት መሆኑን ማየት ፈልጎ ነው። ተራቸው እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ነጋዴው ከኦኖሪን ጋር ወሬ ጀመረ። ዲቦር ጥግ ይዛ፣ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። ዝምታን ከዛሬ መለማመድ አለባት።

«የመኪናውን ኪራይ እናንተ ትችላላችሁ» አለ ነጋዴው።

«እንችላለን» አለች ኦኖሪን።

ዲቦር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መንገድ ላይ የሚሰበር ጠርሙስ ካለም በእናንተ ነው።»

«ምን ችግር አለው፣ በእኛ ይሁን።»

ዲቦር አሳለች። ነጋዴው ዘወር ብሎ «ጭሱ ነው?» አለ በሐዘኔታ። ኦኖሪን «እሷ መናገር አይፈቀድላትም» አለችው።

«እና ደግሞ በዝናቡም ወራት ቢሆን አታቋርጡብኝ። ደንበኛ መጠበቅ አይወድም።»

ኦኖሪን አመነታች። አሳዘናት። ከዳካር ድረስ የመጣ ሰው፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ። «እንግዲህ... እንሞክራለን» አለች።

ዲቦር ብድግ አለች።

«ምንድን ነው የምትሞክሪው? በዝናብ ዛጎል ይለቀማል? በዝናብ የሚዋለድ ነገር ነው! እናቱን ለቅመሽ በበጋ ምን ልትሸጪ ነው፣ ጭቃ? አንቺ እዚህ ወንዝ ላይ የተወለድሽ ሴት፣ አያቶችሽ ክረምት ሲገባ ወንዙን የሚዘጉት ለጨዋታ ነው? ደግሞ ጸሐይ በሌለበት፣ እንጨቱ ርሶ፣ በምን ላጭሰው ነው?»

«ዝም በይ!» አለች ኦኖሪን የዲቦርን አፍ በእጇ ለመያዝ እየሞከረች። «ዝም በይ አንቺ ሴት፣ ቤትሽ እየፈረሰ ነው!»

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባልዴ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ገና አልተመዘገቡም» አለ። «ዛሬ መናገር ይቻላል።»

ያን ጊዜ ዲቦር ነጋዴው አጠገብ ተቀመጠች። የመኪናው ኪራይ ግማሽ ግማሽ ሆነ። ከእነሱ እጅ ከወጣ በኋላ የሚሰበር ጠርሙስ በእሱ ሆነ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሥራው እንዲቆም አስፈቀደች። ዋጋው ላይ ግን ሰውዬው ንቅንቅ አላለም፤ እሷም ደከማትና ተወችው። ሁሉን ነገር ማሸነፍ አይቻልም፤ ይህን ከኖረችው ኑሮ ታውቀዋለች።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ባልዴ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። «አንዷ በሙሉ የምትጠየቅ፣ አንዷ ባዋጣችው ልክ። እንደተነጋገርነው ነው አይደል?»

ዲቦር ወረቀቱን አየችው። ቤቷን አሰበች፤ በሩን፣ የሚያንጠባጥበውን ጓዳ። ከዚያ ኦኖሪንን አየቻት። ይህች ሴት ብቻዋን ነጋዴ ፊት ስትቆም ምን እንደምትሆን ገና አሁን በዓይኗ አይታለች፤ ኪራዩን ሰጥታ፣ ጠርሙሱን ሰጥታ፣ ወንዙንም ልትሰጥ ነበር። ዲቦር ዝም ብላ ብትቀመጥ ቤቷ ይተርፋል። ሥራው ግን አይተርፍም። ዕዳውም እግሩ በተሰበረ አልጋ ላይ፣ ጓደኛዋ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ በሯን ዘግታ እንዴት ልትተኛ ነው? በሩ ደግሞ አይዘጋም።

«ቀይረው» አለች።

«ምኑን?»

«የመጀመሪያውን አድርገው። ሁለታችንም የምናዝዝበትን።»

«ዲቦር» አለች ኦኖሪን ቀስ ብላ። «ቤትሽስ?»

«ቤቴን የሚጠብቅልኝ አፌ ነው መሰለኝ። ዘግቼው ልቀመጥ ነው?» ወደ ባልዴ ዞረች። «ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ጻፍልኝ። ሁለታችንም ሳንፈርም ብድር የሚባል ነገር አይወሰድም።»

«እጽፈዋለሁ፣ እማማ። እርስ በእርሳችሁ ያስራችኋል። ግን ልንገርዎት፣ ይህን የማያውቅ አበዳሪ ቢመጣ እንደ ግንብ አይከላከልልዎትም። ዋናው መተማመናችሁ ነው።»

«ገብቶኛል። ጻፈው።»

«የመጀመሪያ ብድር ደግሞ ለአንድ ምድጃ ብቻ ነው» አለች ለኦኖሪን።

«ለሦስት ነበር እኮ ያሰብኩት!»

«ለአንድ።»

«እሺ፣ ለአንድ» አለች ኦኖሪን። ያለ ስድብ። ዲቦር ደንግጣ አየቻት።

ስሙ ላይ ትንሽ ተጣሉ። ባሴን ይቅደም፣ ንጎም ይቅደም ሲባባሉ ባልዴ «በፊደል ተራ ባሴን ይቀድማል» ብሎ ፈረደ። ኦኖሪን እንደ ሙሽራ እልል አለች። ዲቦር «ፉላ ፍርድ ሲሰጥ ድሮም ለሆዳም ያደላል» ብላ ፈረመች። እጇ በዛጎል የተቆራረጠ ስለሆነ እስክሪብቶው አልጨበጥ ብሏት ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከዚያ ኦኖሪን ፈረመች። ባልዴ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት መታ።

ከቢሮው ወጥተው በገበያው በኩል አለፉ። ፀሐዩ ከርሮ ነበር፤ አንዲት ሴት የዝንጅብል ጭማቂ በበረዶ ትሸጣለች፣ አንድ አንድ ጠጡ። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ቦታ ሲደርሱ ኦኖሪን ቆመች። መሬት ላይ፣ ማሰሮና ሽቦ መሀል፣ አንድ ሚዛን ተቀምጧል። ሻጩ ገና ሳይጠሩት ተነሥቶ አቧራውን በሸሚዙ ይጠርግ ጀመር፤ ስለ ልጆቹም ማውራት ጀመረ፣ አንዱ ትንሽ እንደታመመበትም ጨመረ።

ኦኖሪን ሚዛኑን አነሣችው። ፊቷ ላይ ያ ዲቦር የምታውቀው ነገር መጣ፣ ማዘን። «ይኸው ተጀመረ» አለች ዲቦር በሆዷ።

ኦኖሪን ግን ሚዛኑን እንደያዘች ወደ እሷ ዞረች።

«ለማኅበሩ ልግዛው?»

ዲቦር የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ሚዛኑን ተቀበለቻት፣ ቦርሳዋን ጣል አደረገችበት፣ መልሳ አነሣችው። ቀስቱ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ።

«አይሆንም» አለች።

«ልጁ ታሞበት እኮ ነው...»

«ልጁን እግዚአብሔር ይማርለት። ሚዛኑ አይሆንም።»

ሻጩ ወደ አንዷ፣ ከዚያ ወደ ሌላዋ አየ። ኦኖሪን ሚዛኑን ከማሰሮዎቹ መሀል መለሰችው፤ ለሰውየው ከራሷ መቀነት ሳንቲም ፈትታ ለልጁ ሙዝ ግዛለት አለችው። ያ የራሷ ነው፣ ዲቦር አያገባትም። ሁለቱም ሌላ ሚዛን ፍለጋ ወደ ገበያው ውስጥ ገቡ፤ ዲቦር ፊት ፊት፣ ኦኖሪን ደግሞ ከኋላ ሆና ስለ ሴሬር ስስት ለመንገደኛው ሁሉ እየተናገረች።